የሰው ጉልላት ቆጣሪዎች

አቡዳቢ ደርሶ የሼክ ዛይድን ታላቅ መስጊድ ሳያይ የሚመለስ አበሻ ካለ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል። እኔም አይቼዋለሁ። 82 ጉልላት፣ ከ1,000 በላይ ዓምድ፣ ደግሞ ያ 5,627 ካሬ ሜትር ምንጣፍ! 1,200 ያህል የኢራን ሸማኔዎች በእጃቸው የቋጠሩት ነው። ያምራል፤ መካድ አይቻልም። መግቢያው ነፃ ነው፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ይሸፍኑ እንጂ ክርስቲያን ነህ እስላም ነህ የሚል የለም።

የኔ ጠብ ከመስጊዱ ጋር አይደለም፤ ከኛ ጋር ነው። እዚያ ትንፋሹን ውጦ የሚቆመው ወገኔ፣ መርካቶ አንዋር መስጊድ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ሲሸምት ኖሮ አንድ ቀን ደጁን አልፎ አያውቅም። ለምን ሲሉት፣ «ምን ይሉኛል?» ይላል። ጠይቀሃቸው ታውቃለህ ወይ ጌታዬ? አረብ አገር ሲሆን ጉብኝት፣ ሰፈራችን ሲሆን «የነሱ»!

ውቅሮ አጠገብ ያለው አል ነጃሺስ? በ7ኛው መቶ ዘመን ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩን ተከታዮች ተቀብለን አስጠለልን እያልን በየስብሰባው ደረታችንን እንነፋለን። በ2013 ዓ.ም. መስጊዱ በጦርነቱ ተመትቶ ሚናራው ሲጎዳ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ደረት ነፊ ስንቱ ነው የደነገጠ? የአቡዳቢውን ፎቶ እንደሆነ ዛሬም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወጣዋል።