አፍዎን ይክፈቱ… ያጨሳሉ?

እኛ ሀገር ጥርስ ሀኪም ዘንድ የሚኬደው መቼ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዝ፣ ጉንጭ ሲያብጥ፣ ቅርንፉዱም ማስታገሻውም አልሰራ ሲል! ሄደንም የምንለው ያው ነው፤ «ንቀሉልኝ!» ይነቀላል፣ ጥጥ ይነከሳል፣ ይከፈላል፣ ይወጣል። አጫሽ ከሆነ ደግሞ ገና ከበሩ እንደወጣ ይለኩሳል።

ሀሳቤ አጭር ነው፤ ጥርስ ሀኪሙ ስለ ሲጋራው ይጠይቅ። በተለይ አዋሽ ሰባትና ሰመራ ላይ።

ለምን እዚያ? ሁለቱም ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ሾፌሩም ረዳቱም እንቅልፍ ለማባረር ጫት ይቅማል፤ ጫቱ ደግሞ ሲጋራ ይጠራል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ አዋቂ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ አፋር ግን አጫሽ ከሚበዛባቸው ክልሎች ውስጥ ነው። የ25 ዓመት ጎረምሳ «ሳንባዬን እዩልኝ» ብሎ ሆስፒታል አይሄድም። ጥርሱ ግን ያመዋል። ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው ጋር የሚገናኘው ያኔ ነው!

ሌላም አለ። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ወንጂና መተሐራ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ቢሆን ማንም አይገረም። ታዲያ በዚህ አካባቢ አጫሹ ጥሩ ማመካኛ አለው፤ «ውሃው ነው!» ባለሙያው ግን ይለያል። የውሃው ቀለም ጥርሱ በልጅነት ሲሰራ አብሮ የገባ ስለሆነ በእጥበት አይለቅም። የጭሱ ከላይ የተለጠፈ ነው፤ ሲያሳጥቡት ይለቃል፣ ሲያጨሱ ይመለሳል። መስታወት አምጥቶ «ይሄኛው የውሃው፣ ይሄኛው የሲጋራው» ቢለውስ?

ድዱም እንዲሁ ያታልላል። ኒኮቲን የደም ስሮችን ስለሚያጠብ የአጫሽ ድድ ቢታመምም ብዙ አይደማም። ሰውየው ደህና ነኝ ሲል ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋ ደም ነው። ሲጋራ ያንን ደም ያበላሻል፤ አጥንቱ ይጋለጣል፤ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ከመጀመሪያው የባሰ ህመም ይመጣል። ያኔ ሾፌራችን ጅቡቲ ወደብ ላይ ወረፋ እየጠበቀ ነው!

«ሀኪሙ ለወሬ ጊዜ የለውም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ወረፋው ብዙ፣ ባለሙያው ጥቂት ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ህክምና ያወጣው ሰነድ የሚጠይቀው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፤ ያጨሳሉ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ መምከር፣ ፍላጎቱን ማየት፣ ማገዝ፣ መከታተል። ማደንዘዣው እስኪሰራ የሚጠበቀውን ጊዜ አያክልም? የህክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ጥርስ ሀኪም ቤት ውስጥ የሚሰጥ እገዛ የሚያቆሙትን ሰዎች ቁጥር ይጨምራል፤ በኒኮቲን መተኪያ መድሃኒት ሲደገፍ ደግሞ ማስረጃው ይጠነክራል።

መንገደኛው ተመልሶ አይመጣም? ስልክ አለው እኮ! «ለሶስት ቀን ሲጋራ እንዳይነኩ» ብሎ ይላከው፤ በሶስተኛው ቀን ይደወልለት። ሶስት ቀን የቻለ ሰው አራተኛውን ለመሞከር ምክንያት አለው።

ህግ አልጎደለንም። አዋጅ 1112/2011 በህዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም እንዲሁ። በ2006 ዓ.ም. ያጸደቅነው ዓለም አቀፉ የትምባሆ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 14 ማቆም የሚፈልገውን እንድናግዝ ያስገድደናል። መከልከሉን ጀምረናል፤ ማገዙ ነው የቀረው። የክልሉ ጤና ቢሮ በጥርስ ታካሚ ካርድ ላይ «ያጨሳሉ?» የምትል አንዲት መስመር ቢያስገባ፣ የኒኮቲን መተኪያውም በከተሞቹ ፋርማሲዎች እንዲገኝ ቢያደርግ መጀመሪያ ይሆናል።

እናንተስ? ጥርስ ሀኪማችሁ ስለ ሲጋራ ጠይቋችሁ ያውቃል?