የወደቀውን ሰው ስናነሣ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት የምናስበው ድውይ 38 ዓመት በአልጋ ሲማቅቅ የጎደለው መጠመቂያው ሳይሆን ወደ መጠመቂያው የሚያደርሰው ሰው ነበር። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በቀሩትም የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ለምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ማሳሰባችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ሣር ቤት ሲከድን ወይም ባሕር ዛፍ ሲመለምል የወደቀ፣ ወይም በባጃጅ አደጋ የተጎዳ ሰው ሲገኝ ጎረቤት ሁሉ ይሮጣል። ርኅራኄው መልካም ነው። ነገር ግን ጎትቶ ማስቀመጥና አዝሎ መሮጥ የተሰበረውን አከርካሪ አንቀሳቅሶ በውስጡ ያለውን ኅብለ ሰረሰር ሊጎዳው ይችላል። ይህ የነርቭ ገመድ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እጅና ወደ እግር የሚያደርስ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ እንደ እጅና እግር ነርቭ መልሶ አያድግም። ስለዚህ የተጎጂው ራስና አንገት ከወገቡ ጋር ቀጥ እንዳሉ አራት ሰዎች በአንድነት በሰፊ ሳንቃ ላይ ያጋድሙትና ወደ ሐኪም ያድርሱት፤ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ጸበሉን አንከለክልም፤ አስቀድሞ ግን ሐኪም ይየው።

በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። የታከመውም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነው። በዚያ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የተለየ ክፍል አቋቁመው ነበር። ከዚያ በፊት ብዙዎች በመኝታ ቁስልና በሽንት መመረዝ ይሞቱ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሕሙማኑ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ሥራ እንዲይዙ፣ በስፖርትም እንዲወዳደሩ አደረጉ። አበበም እግሩ ባይመለስለት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳደረ።

በ2011 ዓ.ም. የስዊስ ተመራማሪዎች በኅብለ ሰረሰር ላይ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ አኑረው ከብዙ ልምምድ ጋር ሦስት ሰዎች በድጋፍ እንዲራመዱ ማድረጋቸውን አስታወቁ። ይህ ታላቅ ተስፋ ነው፤ ይሁን እንጂ ለሁሉ የሚደርስ ፈውስ ገና አልሆነም።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው ትንሽ አይደለም። ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠው፤ ጀርባውንና ተረከዙን በየዕለቱ እንመልከት። በጓዳ አንሸሽገው፤ በቅዳሴም በማኅበርም ከመካከላችን ይቀመጥ። መጻጉዕ ያጣውን ሰው የእኛ ወንድም አይጣው።