ስለ ዳቦና ስለ ደቦ

በዓለ ልደት በታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም በ28 ቀን እንዲውል ኹላችሁም ታውቃላችሁና ስለ ቀኑ የምንጨምረው ነገር የለም። በዛሬው ጽሑፋችን ልንናገር ያሰብነው ስለ ዋዜማው ነው። ይኸውም በመቱና በጎሬ፥ በቡሬና በያዮ፥ በበደሌም ቤቶች ውስጥ ዳቦ ስትደፋ ስለምታነጋው እመቤት፥ ይልቁንም ወሯ ገብቶ ድርስ እርጉዝ ስለ ኾነችው እመቤት ነው።

የገና ወራት በብዙው የደጋ አገር እህል ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባበት፥ ሰውም ዐረፍ የሚልበት ወራት ነው። በኢሉባቦር ግን ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ የቡና ለቀማ ነው። ቡናው በቀላ ጊዜ የቤቱ ሰው ኹሉ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ጫካው ይገባል፤ ለቀማው በእጅ ነውና ሴቱም ልጁም አይቀርም። የተለቀመው ይሰጣል፥ ይገላበጣል፥ ደመና በታየ ቍጥር ይሰበሰባል። በዚህ ላይ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። እንግዲህ የቤቲቱ እመቤት ወደ ገና ዋዜማ የምትደርሰው ደክማ ነው፤ ነፍሰ ጡር የኾነች እንደ ኾነም ድካሙ የሁለት ሰው ነው።

ስንዴ በኢሉባቦር እንደ አርሲና እንደ ባሌ የሞላ አይደለም። የአገሩ እህል በቆሎ፥ ማሽላና ጤፍ ስለ ኾነ የበዓሉ ዱቄት በገንዘብ ይገዛል። ጨው እንኳ በቀድሞ ዘመን ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በመርከብ ተጭኖ ጋምቤላ ይወርድና፥ ከዚያ በቡሬ በኩል በአጋሰስ ወደ ጎሬ ይወጣ ነበር። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከተደፋው ዳቦ ብዙው የባሮን መንገድ ያለፈ ጨው የገባበት ነው።

የአደፋፈሩን ነገር ወይዛዝርት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ነገር ግን ሲበሉ እንጂ ሲጋገር አይተው ለማያውቁ ጌቶች ጥቂት እንናገር። ዱቄቱ ተነፍቶ በእርሾ ይቦካል፤ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል፤ ቡሖው ኩፍ እስኪል ድረስ ተሸፍኖ በእሳት ዳር ይቀመጣል። ከዚያም በምጣዱ ላይ ኮባ ተነጥፎ ሊጡ ይገለበጥበታል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ ኮባ ለብሶ፥ ክዳን ተደፍቶበት፥ ከላይም ከታችም እሳት ይኾንለታል። ይህ ኹሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ ተንበርክኮ ማሸት፥ ውሃ መቅዳት፥ እንጨት መማገድ፥ የጋለውን ክዳን ከነፍሙ ማንሣት ለደህና ሰው እንኳ ወገብ የሚቈርጥ ሥራ ነው። ኢሉባቦር ዝናብ የማይለየው አገር ስለ ኾነ እንጨቱ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨትም ከሚነድደው ይልቅ የሚጨሰው ይበዛል። ጭሱ ለዐይን ብቻ አይደለም ክፉነቱ፤ የእናቲቱን ደም እያወከ በማኅፀን ያለውን ሕፃን ክብደት እንደሚቀንስ የሕክምና ዐዋቂዎች መርምረው አስረድተዋል። በከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ከጭሱ ይድናል፤ ከማቡካቱና ከመሸከሙ ግን አይድንም። መብራቱም በበዓል ዋዜማ መጥፋት ይወድዳል።

በበዓሉ ቀን የቤቱ አባት ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል፤ እግዚአብሔር ከዓመት ዓመት ስላደረሰ ይመሰገናል፤ ይህ የሚገባ ነው። ወደ ቤቱ የሚገባውም እንግዳ ኹሉ ነፍሰ ጡሯን ባየ ጊዜ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ይመርቃል። ከዚህ የበለጠ ምርቃት በቋንቋችን አናውቅም። ነገር ግን ይህንኑ መርቆ ሳይጨርስ «ቡናው ደረሰ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይተናል።

አኹን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በመቱ ከተማ በምናውቀው አንድ ቤት እንዲህ ኾነ። ስምንት ወር ያለፋት እመቤት በገና ዋዜማ ሊጡን ልታሽ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ቀለበቷን ከጣቷ ልታወልቅ ብትሞክር እምቢ አላት። ራሷንም ከጥዋት ጀምሮ ያማት ነበር። ባሏ «ጭሱ ነው» አለ፤ ጎረቤቷ «ጾሙ ነው» አለች፤ እርሷ ራሷ «የእንቅልፍ እጦት ነው» አለች። አማቷ ግን ጣቷን አይተው፥ ፊቷንም ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱና «ልጄ፥ ይህስ የጭስ አይደለም፤ ተነሺ» አሉ። ዳቦው ሳይደፋ ቀረ። ወደ ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ የደሟ ግፊት እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጥቷት በማግሥቱ ወለደች፤ ሕፃኑ ትንሽ ነበረ፥ ነገር ግን ኹለቱም በሕይወት አሉ። ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ ኾምጥጦ ተደፋ፤ በዚያ ቤት ስለ ተበላሸ ሊጥ ያዘነ ሰው እንደሌለ ለመናገር እንችላለን።

ይህ በሽታ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ከአምስተኛው ወር በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ሳይታከም ሲቀር እናቲቱን አንቀጥቅጦ ይጥላል፤ ለመግደልም ይችላል። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መድኃኒት መንቀጥቀጡን ይከለክላል፤ ፈጽሞ የሚፈታው ግን ወሊዱ ነው። ክፋቱ ምልክቶቹ የበዓል ድካም መምሰላቸው ነው። የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት፥ የዐይን መፍዘዝ ወይም ብልጭ ብልጭ ማለት፥ የፊትና የእጅ ማበጥ፥ ከጎድን በታች በልብ ጫፍ የሚሰማ ሕመም ቢታይ ዳቦው እስኪበስል መጠበቅ አይገባም። ደም ቢፈስሳት፥ ውሃ ቢፈስሳት፥ ብትተኩስ፥ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከልማዱ ቢያንስባት እንደዚሁ ነው። በሌላው ቀን ቢኾን ቤተ ሰቡ ያስተውላት ነበር። በዋዜማው ግን የኹሉም ዐይን በምጣዱ ላይ ነው።

በአገራችን ስለ እናቶች ሞት የተቈጠረውን እናስታውስ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 ሕፃናት ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 412 ወርዶ ተገኘ። በጤና ተቋም የሚወለደውም በ1992 ዓ.ም. ከ100 አምስት ብቻ ሲኾን በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ቃሬዛ ተሸክመው ከገጠር ወደ መንገድ የሚወጡ ጎልማሶችም፥ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት የጤና ሠራተኞች ሴቶችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚረዳት የደረሰችለትን ነው። በዋዜማው ሌሊት «እስኪ ይህን አንድ ምጣድ ልጨርስ» የምትለውን እመቤት ማን ያድርሳት?

ይህንም ስንል ባልን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ጊዜ እምቢ የምትለው እመቤቲቱ ራሷ ናት። ባለሙያ መባል በአገራችን ለሴት ትልቅ ክብር ነውና፥ በገና ቀን በቤቷ ሌላ ሰው የደፋው ዳቦ ሲቈረስ ማየት ያሳፍራታል። ስለዚህ ሥራውን ከእጇ ሲወስዱ ሙያዋን እንዳይወስዱባት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጭስ በሌለበት በር አጠገብ ትቀመጥ፤ እርሾውን እርሷ ትስጥ፤ ቡሖውን በጣቷ ነክታ «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» ትበል፤ የጨዉን ልክ እርሷ ትፍረድ። ዳቦውም የእርሷ ዳቦ ተብሎ ይቈረስ።

የሚያሽ፥ የሚቀዳ፥ የሚማግድ ሰው ከየት ይመጣል ትሉን እንደ ኾነ፥ መልሱ በአገሩ ልማድ ውስጥ ተቀምጧል። በኢሉባቦር አንዲት እናት በወለደች ጊዜ በአምስተኛው ቀን በኦሮሞ ልማድ ሸነን ይደረጋል። ጎረቤትና ዘመድ የኾኑ ሴቶች ተሰብስበው እናቲቱን ያጥቧታል፥ ገንፎውን በቅቤ ያቀርባሉ፥ ይመርቃሉ፥ ይዘፍናሉ። የምዕራቡ አገር ተክል የኾነውም አንጮቴ ለአጥንት ብርታት ይሰጣል ተብሎ ይታመናልና ለአራስ ይቀቀልላታል። በአማራውም ቤት ገንፎውና አጥሚቱ፥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውም የጎረቤት ጭነት ኹሉ ይመጣል። ምስጋናን በእጅ ሥራ መግለጥ ሕዝባችን ያውቅበታል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ኹሉ የሚመጣው ከወለደች በኋላ ነው። እነዚያው ሴቶች በገና ዋዜማ ለሁለት ሰዓት ያህል ቢመጡስ? እህል ለማጨድ ሲኾን ወንዶች ደቦ ይወጣሉ፤ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እየዞሩ ይሠራሉ። ለማጨዱ የወጣው ደቦ ለዳቦው የማይወጣበትን ምክንያት ብንፈልግ አላገኘንም።

«ወንድስ ማድቤት አይገባም» የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ቤተ ክርስቲያን እንወስደዋለን። የቍርባኑ ኅብስት የሚጋገረው ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ባለች ትንሽ ቤት ሲኾን፥ ዱቄቱን የሚያቦኩት፥ እሳቱንም የሚያነድዱት ወንዶች ዲያቆናት ናቸው። የዚያች ቤት ስም ቤተ ልሔም ነው፤ በዕብራይስጥም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በገና የምናስባት ድንግልም ወሯ ገብቶ ሳለ ስትጓዝ ማረፊያ ያጣችው በዚያው ስም በምትጠራው ከተማ ነው። ወንድ ልጅ ለቅዱሱ ኅብስት ዱቄት ማቡካት ክብሩ ከኾነ፥ ለሚስቱ ውሃ ቢቀዳና እንጨት ቢፈልጥ የሚቀንስበት ነገር ምንድን ነው?

ስለ ጾሙም አንድ ቃል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም፥ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ሸክም አታከብድም፤ የንስሐ አባቷን ጠይቃ እንደ ዐቅሟ ታድርግ። ይህን ጥያቄ ራሷ ለመጠየቅ የምታፍር ብዙ ናትና ባሏ ወይም እናቷ ቢጠይቁላት መልካም ነው።

በሥራችን ምክንያት አዋጅ ማንበብ ልማዳችን ስለ ኾነ ከሕጉም እንጥቀስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፥ ከወሊድም በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ በሌሊትም እንዳትሠራ ይከለክላል። አባት ለኾነው ሠራተኛም 3 ቀን ሰጥቶታል። ሕግ አውጪው ስለ መሥሪያ ቤት አስቧል፤ የማድቤትን የሌሊት ሥራ የሚከለክል አንቀጽ ግን በየቤቱ ያለው ጌታ እንዲያወጣው ተትቷል። ለአባትም የተሰጠው ሦስት ቀን እንግዳ ተቀብሎ ለመሸኘት ብቻ የሚውል ከኾነ፥ ፈቃዱን የወሰደው እንግዳው እንጂ አባቱ አይደለም።

ከበዓሉ በፊት በቤቱ ውስጥ ተማክረው የሚወስኑት ጥቂት ነገር አለ። ምጡ በሌሊት ቢመጣ መኪና የሚጠራው ማን እንደ ኾነ፥ ገንዘቡ የት እንደ ተቀመጠ፥ ደም ቢያስፈልግ የሚሰጠው ማን እንደ ኾነ፥ ታናናሾቹ ልጆች ከማን ጋራ እንደሚቀሩ አስቀድሞ ይታወቅ። በበዓል ሌሊት ሹፌሩም ዘመዱም በየግብዣው ስለሚበተን ይህን በዋዜማው እጀምራለሁ ያለ ሰው ዘግይቷል። በመቱ ከተማ ያለ ሰው መቱ ካርል ሆስፒታል ቅርቡ ነው፤ ከከተማ ርቆ ያለው ግን መንገዱን በቀን ሳለ ያስብበት።

መንገዳቸው ሩቅ የኾነ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ በጤና ጣቢያው አጠገብ በተሠራ የእናቶች ማቆያ ቤት መጥተው ይቀመጣሉ። በብዙው ስፍራ ገንፎ ይገነፋል፥ ቡና ይፈላል፤ እናቶቹ ከቤታቸው የራቁ እንዳይመስላቸው ነው። ገና በዚያ የሚውልባቸውም አሉ። ልጆቻቸው በቤት ናቸው፥ ዳቦው በቤት ነው፥ እነርሱ ግን ምጥ ይጠብቃሉ። በየከተማው ያላችሁ ወይዛዝርት በዚህ ዓመት ከምትደፉት ዳቦ አንዱን ለዚያ ቤት ለዩ። ከሰዓት በፊት ይላክ፤ ከኮባው ሳይወጣ ቢላክ ለስላሳነቱን ይዞ ይደርሳል፤ ቢላዋም አብሮ ይላክ፥ በዚያ ስለማይገኝ።