አራሷስ እንቅልፍ ይወስዳታል?

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይገባል፤ ገንፎውን ቀምሶ፣ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ተከራክሮ ይወጣል። «ልጁ ሲተኛ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» የሚል ግን ብዙም አይገኝም።

በ1987 (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ የወጣው የኤድንብራ መጠይቅ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድባቴ የሚለየው በ10 ጥያቄዎች ነው፤ አዲስ አበባ ላይም ተፈትሿል። ሰባተኛው ስለ እንቅልፍ ነው። የሚጠይቀውም ሕፃኑ ይቀሰቅሳት እንደሆነ ሳይሆን፣ ከሐዘኗ የተነሳ መተኛት አቅቷት እንደሆነ ነው። ልጇን ሌላ ሰው ይዞላት፣ ቤቱ ጸጥ ብሎላትም ዓይኗ እንደፈጠጠ የሚነጋባትን እናት «ደክሟት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ የአንዲት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስትን ሥራ ከዚህ ጀምሮ ይከተላል።

ልጅ ስለሚጠባበቁ ጥንዶችም አንድ ጽሑፍ አለን። ያለመውለዱ ችግር ከወንዱም በኩል ሊሆን እንደሚችል እየታወቀ «መቼ ነው የምትወልጂው?» የምትባለው ሴቷ ብቻ መሆኗ፣ በበኩሌ ያበሳጨኛል።

ስለ እንቅልፍ እጦት የቀረበው አጭር ነው፤ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ከማደር ተነስቶ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ለምን እንደሚመከር ያስረዳል። ሌሊት የምታነቡ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ፤ አልጋ ላይ ግን አይሁን።