ለወሬም ቀብድ ይከፈል

መቼስ ነጋዴ የሆነ አንባቢ ይፍረድ። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ሦስትና አራት ቦታ ደውሎ፣ የጤፍና የማሽላ ዋጋ አጣርቶ ለጋዜጣ ጽፎ ቢልክ ሥራ ሠራ ይባላል ወይስ ቤት ዋለ? ጎረቤት ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ሱቁን ከፍቶ ዝንብ ሲያባርር የሚውለው ሰው «ሥራ ላይ ነው»፤ በሩን ዘግቶ የሚጽፈው ግን «እቤት ነው፤ ጥሩት» ይባላል።

ፍሪላንሰር የሚባለው ደመወዝ የሌለው፣ ለጻፈው ብቻ የሚከፈለው ጋዜጠኛ ነው። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ። በሰፈሩ ቀን ቀን የሚገኝ ጎልማሳ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ቆጣሪ የሚያነበው ሲመጣ በር የሚከፍተው እሱ ነው። የእድር ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። የጎረቤት በግ ስትጠፋ ፍለጋ የሚሰማራውም እሱ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቡናው ነው። እማማ ከደጃቸው «ና እንጂ ልጄ፣ ምን ሥራ አለብህና!» ሲሉ አቦሉን መተው ኩራት፣ ቶናውን መተው ቅያሜ፣ በረካውን ጥሎ መነሣት ደግሞ ምርቃት መርገጥ ይሆናል። ወሎ ላይ ደግሞ ምርቃት አይረገጥም። ሦስቱንም ጠጥቶ ሲመለስ መብራት ሄዷል፤ የኮምፒውተሩ ባትሪ አልቋል፤ አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ «ጽሑፉ የታለ?» እያለ ይደውላል።

አንድ ቀን አንድ የደሴ እህል ነጋዴ በስልክ ሳነጋግር «ለመሆኑ ቢሮህ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ጓሮ ያለችው ዶሮ እንቁላል ጥላ መንጫጫት ጀመረች። «ለካ ገበያ መሐል ነህ! እንቁላል ስንት ገባ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የማሽላውን ዋጋ ሳይነግሩኝ ስልኩን ዘጉ።

ሐይቅ ላይ ተቀምጦ መጻፍ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ነበር። ያኔ ብራና የሚፍቀውን ሰው «ምን ሥራ አለብህና» የሚል አልነበረም ብለን እንገምት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ መንግሥት ብዙ ሠራተኞቹን ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ አለና ነገሩ ማዕረግ አገኘ። ማዕረጉ ግን ለባለ ደመወዙ ብቻ ነው፤ እሱ ሲሠራ «ሥራ ከቤት»፣ ደመወዝ የሌለው ሲሠራ «ቤት መዋል» ሆኖ ቀረ።

እስቲ ደላላን እንመልከት። የደላላም ቢሮው ስልኩ ነው፤ የሚውለውም ቡና ቤት ነው። ሥራ ፈት የሚለው ግን የለም፤ ወሬውን ከማውጣቱ በፊት ኮሚሽኑን ይነጋገራላ! ጋዜጠኛው ወሬውን አስቀድሞ ያስረክባል፤ ከዚያ ታተመ አልታተመ እያለ ይጠብቃል፤ ከታተመም በኋላ ገንዘቡን ለመጠየቅ ስንት የስልክ ካርድ ይፍቃል።

ግብር ላይ ሲደረስ ይኸው «ሥራ ፈት» ነጋዴ ሆኖ ያድራል። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ3,000 ብር በላይ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ እንዲቀነስ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ሰው ደግሞ 30 በመቶ እንዲቆረጥ ደንግጎ ነበር። 2 በመቶው በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። ይኸው ነጋዴ ብድር ሊጠይቅ ባንክ ሲሄድ «የደመወዝ ደብዳቤ አምጣ» ይሉታል፤ እዚያ ሲደርስ ተመልሶ ሥራ ፈት ነው።

ይህ ለእናንተ ለነጋዴዎች ምናችሁ ነው? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በቀኑ ይታወቃል። የሐይቅ ሽንኩርት፣ የአምባሰል ጤፍ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ ግን እዚያ ሰሌዳ ላይ አይወጣም፤ ሰው ጠይቆ መጻፍ አለበት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ስልክ በሠራ ቀን ጽሑፉ የሚሄደው በቃል ነበር። ሐይቅ ላይ «ሽምብራ» የተባለው አዲስ አበባ ሲደርስ «ሽንኩርት» ይሆናል። አንባቢ ይስቃል፤ በዚያ ዋጋ ተማምኖ መኪና የሚልክ ነጋዴ ግን አይስቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቤቱ ሆኖ ለአሠሪ በደመወዝ የሚሠራን ሰው ያውቀዋል፤ አሠሪውም የሥራውን ዓይነትና ክፍያውን መዝግቦ እንዲይዝ ያዛል። ፍሪላንሰር ተቀጣሪ ስላልሆነ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጥላ ውጭ ነው። ስለዚህ የነጋዴው ወግ ይድረስለት፤ ቀብድ ይከፈለው። በሬ ሲገዛ ቀብድ አለ፤ ቤት ሲገዛ ቀብድ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መሰጠቱ ለውሉ መኖር ማስረጃ ነው ይላል፤ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በወሬም ላይ ይኸው ይሥራ። አዘጋጁ አዝዞ ካላተመ ቀብዱ ይቅርበት፤ ጋዜጠኛው በቀኑ ካላደረሰ እጥፉን ይመልስ። ቡና ላይ ነበርኩ ማለት አያስምርም።

አዘጋጆች «ሳናየው እንዴት እንከፍላለን?» ይላሉ። ሙሉውን ክፈሉ ያለ የለም፤ ሲሶው ይበቃል። የሰውየውንም ያለፈ ሥራ እንደ በሬ ጥርስ ገልጦ ማየት ይቻላል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሐይቅ ድረስ ለመላክ ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘብ ገባ የሚለው መልእክት ቶናው መሐል ሲደርስ ደግሞ እማማ ራሳቸው «ተነሥ እንጂ ልጄ፣ ሥራ አለብህ!» ይሉታል።