ይድረስ ለቢዩክ የጎን ቀዳዳዎች

እ.ኤ.አ. በ1949 ከቢዩክ የፊት ፓራፋንጎ ላይ፣ ከበሩ ቀደም ብላችሁ ለተደረደራችሁት፣ ዙሪያችሁን ኒኬል ለከበባችሁ ክብ ቀዳዳዎች፤

የድሮ የአሜሪካ መኪና በተነሣ ቁጥር ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ካዲላክ የኋላ ክንፍ ነው። ውብ ነው፤ አልክድም። በ1959 ግን ከልክ አልፎ ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረውም። እናንተ እዚያው ጎን ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ አላፊ አግዳሚውን ቆም ብሎ እንዲቆጥር ታደርጉት ነበር። ምስጋናዬም ለዚህ ነው።

ትውልዳችሁን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። የቢዩክ ዲዛይነር የነበረው ኔድ ኒክልስ የገዛ መኪናውን፣ የ1948 ሮድማስተሩን፣ ኮፈን ከግራና ከቀኝ በሳው። በየቀዳዳው ቢጫ አምፖል ከተተና ሽቦውን ከዲስትሪቡተሩ ጋር አገናኘው። ሞተሩ ሲነሣ ካንዴላዎቹ እሳት በሰጡ ቁጥር አምፖሎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከተዋጊ አውሮፕላን ጭስ ማውጫ የሚፈናጠረውን ነበልባል እንዲመስል ብሎ ነው። ለረጅም ዓመታት ቢዩክን የመራው ሃርሎው ከርቲስ ነገሩን ወደደው፤ በ1949 ሞዴል ላይም ወጣችሁ። አምፖሎቹ ግን ቀሩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ፋብሪካው «ቬንቲፖርት» የሚል ስም አወጣላችሁ፤ የሞተሩን ክፍል ታናፍሳላችሁ ተብሎም ተነገረላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ተደፈናችሁና ነፋሱም ወሬ ሆኖ ቀረ። እኔ በዚህ አልቀየማችሁም፤ ጌጥ ጌጥ ከሆነ ይበቃዋል።

ደግሞስ እውነተኛው ሥራችሁ ማዕረግ መናገር አልነበረም? ሱፐር የተባለው ሞዴል በየጎኑ ሦስት፣ ውዱ ሮድማስተር በየጎኑ አራት። ጎረቤት ደጃፍ ላይ የቆመው አዲስ ቢዩክ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ማንበብ አያስፈልግም፤ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ መቁጠር ነው። ተንኮላችሁን ደግሞ ልናገር። ሮድማስተር ሁለቱ ጎን ሲደመር ስምንት ቀዳዳ ነው፤ ሞተሩም ባለ ስምንት ሲሊንደር። ይህን ያየ ሰው የሲሊንደሩ ቁጥር መሆን አለበት ቢል አይፈረድበትም። ሱፐርም እኮ ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት ሞተር ነበረው! ቀዳዳው ግን ስድስት ብቻ። እናንተ የምትቆጥሩት የባለቤቱን ገንዘብ ነበር።

ጄነራል ሞተርስ ያን ጊዜ መኪኖቹን ከሼቭሮሌት እስከ ካዲላክ በዋጋ ደርድሮ ነው የሚሸጠው፤ ቢዩክ ከካዲላክ ቀጥሎ ነበር። እናንተ ያንኑ ደረጃ በቢዩክ ቤት ውስጥ አስገባችሁት። ሰው በመኪናው ሲመዘን ማየት ደስ የሚል ነገር ነው አልልም። ቢሆንም ሌላው መኪና በጭነት ኒኬል ሊናገር የሚሞክረውን እናንተ በአንዲት ተጨማሪ ቀዳዳ ጨረሳችሁት፤ ይህን ለመሰለ ቁጥብነት ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

በ1955 ሱፐርና ሴንቸሪም አራት አራት ተሰጣቸው፤ በሦስት የቀረው ስፔሻል ብቻ ሆነ። ማዕረግ እንዲህ ሲታደል ማን ይቆጥራል? በ1958 ጭራሽ ከፓራፋንጎው ተነሣችሁ። በ1960 ስትመለሱ ደስ ቢለኝም፣ ልቤ ያለው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ወዳጆቼ፣ በ1988 የወጣውን «ሬይን ማን» የተባለ ፊልም ካገኛችሁ ሁለቱ ወንድማማቾች አሜሪካን የሚያቋርጡበትን ክፍት መኪና ልብ ብላችሁ እዩት። የ1949 ሮድማስተር ነው። ቁጠሩ፤ በየጎኑ አራት ናቸው።

አክባሪያችሁ