የሚያበራ ሁሉ ሰዓት አይደለም

ምሽት 12 ሰዓት ተኩል እየተቃረበ ነው። መብራት በሌለው የሰፈር ሜዳ ላይ ጨዋታው 1 ለ 1 ነው። ኳሷን ከሩቅ በደንብ የሚያያት የለም። ከመስመር ላይ አንዱ አሰልጣኝ «ዳኛ፣ ስንት ቀረ?» ብሎ ይጮኻል። ዳኛው እጁን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ ወደ መንገዱ መብራት ዞር ያደርገዋል፤ አሁንም አይታየውም። በመጨረሻ በግምት «ሦስት!» ይላል። ከዚያ በኋላ ጎል ከገባች ጠቡ ከማን ጋር እንደሚሆን የሰፈር ኳስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳኛው ሰዓት አጥቶ አይደለም። ክንዱ ላይ ያሰረው ትልቅ፣ ጥቁር፣ ዙሪያውን ብሎን የተደረደረበት፣ ሲያዩት የኮማንዶ ንብረት የሚመስል ሰዓት ነው። ሻጩ «ታክቲካል ነው፤ የወታደር ነው፤ በጨለማ ያበራል» ብሎ ነው የሸጠለት። እውነትም ያበራል፤ ከሱቁ አምፖል ስር እንደወጣ ለጥቂት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱም ከሜዳው ጋር አብሮ ይጨልማል።

የሚገርመው ነገር ይሄ ነው። ክለቡ ተጨዋች ሲያስፈርም «ስሙን ተዉት፣ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?» እያለ ሲከራከር የሚያመሽ ደጋፊ፣ ለራሱ ሰዓት ሲገዛ መልኩን አይቶ ይከፍላል። ሰዓትም እንደ ተጨዋች ነው። የሚመረጠው በሚሰለፍበት ቦታ ነው እንጂ በቁመናው አይደለም።

ለመሆኑ «ታክቲካል» ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉን ሳጥን ላይ ለመጻፍ ፈቃድ የሚሰጥ አካል የለም። ማንም ፋብሪካ ይጽፈዋል። አንዳንዱ ሻጭ «ሚል ስታንዳርድ 810 ያለፈ ነው» ይላል። ይህ የአሜሪካ ጦር የፈተና ዘዴዎች ዝርዝር እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም። በውስጡ የመውደቅ፣ የሙቀት፣ የአቧራ፣ የንዝረትና የሌሎችም ፈተናዎች አሉ። አምራቹ ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹን እንደፈተነ ካልተናገረ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም። «ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል» ተብሎ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ የማይነገርለት ተጨዋች ማለት ነው።

በእግር ኳስ ሰዓት ጌጥ አይደለም። ሕግ 5 ዳኛው ሜዳ ሲገባ የግድ መያዝ ካለበት ዕቃ መካከል ሰዓትን ከፊሽካ፣ ከቢጫና ቀይ ካርድ፣ ከማስታወሻ ደብተር ጋር ይቆጥረዋል። 22 ተጨዋቾች ባዶ ክንዳቸውን ሲሮጡ የሁሉም ጊዜ ያለው በአንድ ሰው ክንድ ላይ ነው። ያ ክንድ ሲሳሳት ምን እንደሚፈጠር ታሪክ መዝግቦታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1978 የአርጀንቲና ዓለም ዋንጫ ብራዚልና ስዊድን 1 ለ 1 እያሉ ብራዚል በመጨረሻዋ ቅጽበት የማዕዘን ምት አገኘች። ኳሷ ተሻምታ አየር ላይ እንዳለች ዌልሳዊው ዳኛ ክላይቭ ቶማስ ፊሽካቸውን ነፉ። ዚኮ በግንባሩ ገጭቶ መረብ ላይ ያሳረፋት ኳስ ጎል ተብላ አልተመዘገበችም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ወደ አፍሪካም ስንመጣ ጉዱ ቅርብ ነው። በ2022 መጀመሪያ በካሜሩን ሊምቤ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ማሊ ቱኒዚያን 1 ለ 0 እየመራች ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ በ85ኛው ደቂቃ ጨዋታውን ጨረሱት። ስህተት መሆኑ ተነግሯቸው አስቀጠሉ፤ ከዚያም 90 ሳይሞላ እንደገና ነፉ። በኋላ «ቀሪው ይጫወት» ቢባልም ቱኒዚያዎች ወደ ሜዳ አልተመለሱም። ሲካዝዌ ሙቀቱ ጤናቸውን እንዳወከባቸው በኋላ ተናግረዋል። ነገሩ የጤና ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ዳኛ ነው። ጭንቅላት ሲደክምና ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ ክንድ ላይ ያለው ሰዓት ማሰብ የማይጠይቅ፣ በአንድ እይታ የሚነበብ መሆን አለበት። ስድስት ትንንሽ ክብ፣ ሦስት ዓይነት ቁጥርና ኮምፓስ የተጨናነቀበት የሰዓት ፊት ለፎቶ ያምራል እንጂ ለ89ኛው ደቂቃ አይሆንም።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። «ያበራል» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ብርሃን ጠጥቶ ቀስ እያለ መልሶ የሚሰጥ ቀለም ነው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው የዚህ ቀለም ዓይነት በ1993 በጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ የተሠራው ሉሚኖቫ ነው። በወፍራሙ ከተቀባ ሌሊቱን ሙሉ ባይደምቅም ለሰዓታት ይነበባል። በስሱ ከተቀባ ግን መጀመሪያ ቦግ ብሎ ወዲያው ይከስማል። ፎርጅድ ሰዓት ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው።

ሁለተኛው ትሪቲየም የሚባል ጋዝ የታሸገባቸው ደቃቅ የመስታወት ቱቦዎች ናቸው። እነዚህ አምፖልም ፀሐይም አይለምኑም፤ ቀንም ሌሊትም በራሳቸው ያበራሉ። ጋዙ ጨረር አለው፤ ግን በጣም ደካማ ስለሆነ የቱቦውን መስታወት አልፎ አይወጣም። ጉድለታቸው ዕድሜ ነው። ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብርሃኑም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ ቱቦ ያለው ያገለገለ ሰዓት የሚገዛ ሰው እንደ ተጨዋች ሁሉ ዕድሜውን መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ቁልፍ ሲጫኑት ከውስጥ የሚበራው ነው። ታይሜክስ በ1992 ኢንዲግሎ ብሎ ያወጣው ሰማያዊ ብርሃንና የዲጂታል ሰዓቶቹ ትንሽ መብራት እዚህ ይመደባሉ። በፈለጉ ጊዜ ያበራሉ፤ ነገር ግን ሌላኛውን እጅ ይጠይቃሉ፣ ባትሪም ይበላሉ።

«እውነተኛ የድሮ የወታደር ሰዓት» ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሰዓት ፊት በራዲየም ይቀባ ነበር። በአሜሪካ ይህን ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ስለነበር በ1920ዎቹ መንጋጋቸው እየበሰበሰ ብዙዎቹ ሞቱ። በኒው ጀርሲ አምስቱ ኩባንያውን ከስሰው በ1928 ካሳ ተቀብለዋል። ዛሬ የእነዚያ ሰዓቶች ብርሃን ጠፍቷል፤ ቀለሙ ውስጥ ያለው ራዲየም ግን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰዓት ተገኘ ብሎ ቤት ውስጥ በቢላ መክፈትና አቧራውን መተንፈስ ጀግንነት አይደለም።

ጥንካሬውስ? እዚህ ላይ ለኳስ አፍቃሪ የሚጥም ታሪክ አለ። የካሲዮው መሐንዲስ ኪኩኦ ኢቤ አባታቸው የሰጧቸው ሰዓት ወድቆ ተሰበረባቸውና የማይሰበር ሰዓት ለመሥራት ተነሱ። ከ200 በላይ ናሙና እየሠሩ ከሦስተኛ ፎቅ የመጸዳጃ ቤት መስኮት ቁልቁል ጣሉ፤ ሁሉም ተሰበረ። መፍትሔው የተገኘው ከኳስ ነው። መናፈሻ ውስጥ አንዲት ልጅ ኳስ ስታነጥር አይተው፣ ኳስ መሬት ሲመታ መሐሉ ላይ ያለው ነገር ድንጋጤው እንደማይደርሰው ገባቸው። የሰዓቱን ልብ በጎማ መሐል አንሳፈው ጂ ሾክ የተባለውን ሰዓት በ1983 አወጡ። ዒላማቸው ሦስት አሥሮች ነበሩ፦ ከ10 ሜትር ወድቆ የማይሰበር፣ 10 ባር የውኃ ግፊት የሚችል፣ ባትሪው 10 ዓመት የሚቆይ። ጥንካሬ ማለት ይሄ ነው። ዙሪያው ላይ የተለጠፈ ብሎን አይደለም።

ውኃውም ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጀርባው ላይ «30 ሜትር» የሚል ሰዓት 30 ሜትር ጠልቆ አይገባም፤ እጅ ሲታጠቡና ካፊያ ሲመታው ይችላል ማለት ነው። የሐምሌ ዝናብ፣ ጭቃና ሜዳ ላይ መውደቅ የማይቀርለት ሰው ቢያንስ 50፣ ከተቻለ 100 የሚል ቢፈልግ ይሻለዋል። ማሰሪያም ችላ አይባልም። ቆዳ በላብ ይበሰብሳል፤ ብረት ይከብዳል። በሰዓቱ ጀርባ የሚያልፍ አንድ ወጥ የናይለን ማሰሪያ ግን አንደኛው መያዣ ቢሰበር እንኳ ሰዓቱን ሜዳ ላይ አይጥለውም።

ለዳኛና ለአሰልጣኝ ከሁሉም የሚበልጠው ቆጠራው ነው። ፎርጅድ ሰዓት ላይ ያሉት ትንንሽ ክቦች አንዳንዴ የተሳሉ ብቻ ናቸው፤ ጠቋሚያቸው አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለውን አስሮ ጨዋታ መምራት በረኛ ሳያሰልፉ መጫወት ነው። ልምድ ያላቸው ዳኞች ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያስራሉ፤ አንዱ ሳይቆም ይሮጣል፣ ሌላው ጨዋታ ሲቆም ይቆማል፣ የባከነው ሰዓት በልዩነቱ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ትልልቅ ቁጥር፣ ጠንከር ያለ ቁልፍና መብራት ያለው ተራ ዲጂታል ሰዓት ውድ ስም ከተለጠፈበት ፎርጅድ «ኮማንዶ» በብዙ እጥፍ ይሻላል።

«አይ፣ ስልክ እያለ ሰዓት ለምኔ?» የሚል አይጠፋም። ለተመልካች እውነት ነው። ዳኛ ግን ስልክ ይዞ አይሮጥም። «ስማርት ሰዓትስ?» ቢባል፣ ርቀትና የልብ ምት መቁጠር ለሚፈልግ ጥሩ ነው፤ ቻርጅ ማድረግ የረሳ ቀን ግን ጥቁር መስታወት ነው። የጎል መስመር ቴክኖሎጂ ኳስ መስመሩን ማለፉን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በዳኛው ሰዓት ላይ የሚያሳውቅ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2014 ዓለም ዋንጫም ሠርቷል። እሱ ግን ካሜራ በተተከለበት ስታዲየም ነው። የሰፈሩ ዳኛ ካሜራው ዓይኑ ነው።

ጎህ ሳይቀድ የሚሮጠውም ወገን አለ። አበበ ቢቂላ በ1960 የሮምን ማራቶን ሲያሸንፍ ጨልሞ ነበር፤ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሯጭ ችቦ የሚያበራለት የለም። ዙሩን የሚቆጥረው ክንዱን አይቶ ነው። እሱም የሚፈልገው ቀላል፣ የሚነበብና የሚያበራ ነገር ነው።

አንድ የአገር ቤት ነገርም አለ። ቀን የሚቆጥር ዲጂታል ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሙላት የሚፈልግ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓትን ከቀትር በፊት ባለው 1 ሰዓት ይሙላው። ያን ጊዜ ቀኑ የሚቀየረው ጎህ ሲቀድ ነው። ከቀትር በኋላ ባለው ከሞላው ግን ቀኑ ምሽት ላይ ይገለበጥና የነገን ጨዋታ ዛሬ ያደርገዋል።

እንግዲህ ፈተናው ቀላል ነው። መርካቶም ይሁን ፒያሳ፣ ገዢው ሰዓቱን ለአንድ ደቂቃ አምፖል ስር ይያዘው። ከዚያ ጃኬቱ ውስጥ ይክተተውና ከሻጩ ጋር ሩብ ሰዓት ያውራ፤ ዋጋ መከራከሩ ራሱ ይህን ያህል አይፈጅም? አውጥቶ በመዳፉ ከልሎ ይየው። የሰዓቱና የደቂቃው ጠቋሚ ካልተለዩ ይመልሰው። ዲጂታል ከሆነ መብራቱን አብርቶ በክንድ ርቀት ያንብበው፤ ቆጣሪውን አስነስቶ ሳያይ በጣቱ ብቻ ያቁመው። እነዚህን ያለፈ ሰዓት ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍበት ምን ታክቲካል ነው። ያላለፈው ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ። የሰፈሩ አሰልጣኝ በምሽት «ስንት ቀረ?» ሲል የሚጠብቀው መልስ ግምት አይደለም፤ ደቂቃውን ነው።